ከውስጥ የሚከፈት በር

በር የመክፈት መብት የማን ነው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የሕፃን ጥያቄ ይመስላል። «የባለቤቱ ነዋ!» ተብሎ ይታለፋል። በአንድ ግቢ አምስት ቤተሰብ ተከራይቶ የሚኖርበትን የአዲስ አበባን ኑሮ ለሚያውቅ ሰው ግን መልሱ በአንድ ቃል አያልቅም። ከአምስቱ ተከራዮች አንዱ ሌሊት እንግዳ ይመጣብኛል ብሎ የግቢውን በር ሳይቀረቅር ቢተኛ፣ የከፈተው የራሱን በር ነው ወይስ የአምስቱን? ለእንግዳው ብሎ ነው የከፈተው፤ ለሌባ አይደለም። በር ግን ገቢውን አይመርጥም። አጥሩ ላይ የተሰካው የጠርሙስ ስባሪ፣ ዘበኛው፣ ውሻው፣ ሁሉም የተሰናዱት ከውጭ ለሚመጣው ነው እንጂ ከውስጥ ለሚከፍተው አይደለም።

ስለ አጥር ብዙ ይባላል፤ ስለ ሌባም እንዲሁ። ከውስጥ ስለሚከፍተው ሰው ግን ብዙ አናወራም። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ሰውዬው ክፉ አይደለምና ለወቀሳ አይመችም፤ የከፈተውም አብዛኛውን ጊዜ ለመልካም ጉዳይ ነው። ይኸው ጥያቄ ግን ዛሬ ከቆርቆሮው በር ተነሥቶ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። እዚያ ደግሞ በሩን ለመክፈት የሚጠይቀው አንድ መስመር ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ስለ ሆነ፣ ጥያቄውን ለማሰብ የሚተርፈው ጊዜ እጅግ ትንሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለድረ ገጽ ወይም ለስልክ የሚሆን ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሥራውን የሚጀምረው በራሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ገና ያልበሰለውን ሥራ እያሠራ የሚያየው እዚያው ማሽን ላይ በሚያቆመው ትንሽ ሰርቨር ነው። ይኸ ሰርቨር የሚጠራበት የተለመደው አድራሻ የትም ቦታ ቢሄዱ አንድ ነው፤ 127.0.0.1 ይባላል። ማንኛውም ኮምፒዩተር ይኸን ቁጥር ሲጠራ የሚደውለው ለራሱ ነው። በእኛ አነጋገር «እኔው ቤት» እንደ ማለት ነው። እዚያ አድራሻ ላይ የተቀመጠውን ነገር በዚያ ማሽን ላይ ካለው ሰው በቀር ማንም አያየውም።

እንግዲህ ጓዳ ማለት ይኸው ነው። ጓዳ ውስጥ ወጡ ይቀመሳል፤ ጨው ካነሰው ይጨመርበታል፤ ድስቱ ቢገለበጥ ተጠርጎ እንደ ገና ይጣዳል። እንግዳ የሚያየው ሳሎን የወጣውን ብቻ ነው። ፕሮግራመሩም በጓዳው እንደዚሁ ነው የሚሠራው። የይለፍ ቃሉን «1234» ያደርገዋል፤ ከነጭራሹ የይለፍ ቃል የማያደርግም አለ። ስሕተት ሲፈጠር ፕሮግራሙ የት ቦታ፣ በምን ምክንያት እንደ ወደቀ፣ የመዝገቡን ቁልፍ ጭምር ሳይቀር ዘርዝሮ በመስተዋቱ ላይ እንዲያወጣለት ያዘዋል። አንዳንዱ የስሕተት ማረሚያ መሣሪያማ እዚያው ገጽ ላይ አዲስ ትእዛዝ ጽፎ ማሽኑን እንዳሻው ለማዘዝ ያስችላል። ይኸን ስንፍና ብሎ መኰነን አይገባም። የሥራው ጠባይ ነው። ጓዳ ውስጥ እንደ ሳሎን ተጠንቅቆ የሚሠራ ሰው ወጡን ለእራት አያደርሰውም።

ጓዳው ከውጭ የማይታየው ደግሞ በ127.0.0.1 ምክንያት ብቻ አይደለም። የኢንተርኔት አድራሻዎች መጀመሪያ የተቀመሩት በ32 አሐዝ ስለ ነበር ጠቅላላ ብዛታቸው ከ4.3 ቢሊዮን አይበልጥም። ይኸ ቁጥር ለዓለም ሕዝብ እንደማይበቃ ሲታወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ብዙ ኮምፒዩተሮች በአንድ የውጭ አድራሻ እንዲጠቀሙ የሚያደርግ ዘዴ ተነድፎ ወጣ። ቤታችን ያለችው ትንሽ የኢንተርኔት ሣጥን የምትሠራው በዚህ ዘዴ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣውን ሁሉ ታሳልፋለች፤ ከውጭ ሳይጠራ የመጣውን ግን ለማን እንደምታደርሰው ስለማታውቅ ትጥለዋለች። ልብ በሉ፤ ይኸ አጥር የተሠራው ሌባን ለመከላከል ታስቦ አይደለም። የቤት ቁጥር ስላለቀ ነው። ቁጥር የሌለው ቤት ደግሞ ቀረጥ ሰብሳቢ አያገኘውም፤ ፖስተኛም አያገኘውም። ከእጥረት የተወለደ አጥር ስለ ሆነ ማንም እንደ አጥር አያከብረውም። በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው ከኋላው ተጠልሎ ሲኖር አንድ ቀንም «አጥር አለኝ» ብሎ አያውቅም።

ታዲያ ይኸን ጓዳ ማን ይከፍተዋል? ለምንስ ይከፍተዋል?

አንዲት ፕሮግራመር ለአንድ ሱቅ የቴሌግራም ቦት ትሠራለች እንበል። ደንበኛው ወደ ቦቱ ሲጽፍ ቴሌግራም መልእክቱን ወዲያውኑ ወደ ፕሮግራሟ እንዲያደርስላት ከፈለገች፣ ከውጭ የሚገኝ አድራሻ መስጠት አለባት። 127.0.0.1 ብላ ብትሰጠው ቴሌግራም የሚጠራው ራሱን ነው። ክፍያም እንደዚሁ ነው። በቴሌብር ወይም በቻፓ ገንዘብ ሲከፈል «ተከፍሏል» የሚለው ማስታወቂያ ከከፋዩ ድርጅት ሰርቨር ተነሥቶ ወደ ሻጩ ሰርቨር መምጣት አለበት። ሻጩ ገና በጓዳ ያለ ከሆነ ማስታወቂያው ደጅ ላይ ይቀራል። ከዚህ ሌላ ደንበኛው «እስቲ የደረሰበትን አሳዩኝ» ይላል። ያዘዘውን ሥራ ማየት የደንበኛ ወግ ነው።

እዚህ ላይ መሿለኪያው ይመጣል። አዲስ አበባ ይኸን ቃል በሰፈር ስም ታውቀዋለች፤ ኮምፒዩተሮችም ዓለም የሚሠራው ነገር ከስሙ ብዙም የራቀ አይደለም። ከውጭ ወደ ውስጥ መጥራት አይቻልም ብለናል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ መደወል ግን ይቻላል። ስለዚህ በጓዳ ያለው ማሽን ራሱ ወደ ውጭ፣ በአደባባይ ወደ ቆመ አንድ ሰርቨር ይደውልና መስመሩን ሳይዘጋ ይጠብቃል። የአደባባዩ ሰርቨር ለዚህ መስመር አንድ ስም ያወጣለታል። ከዚያ በኋላ በዚያ ስም የመጣ እንግዳ ሁሉ በተከፈተው መስመር ሾልኮ ጓዳ ይገባል። ደጅ የሚጠናው እንግዳው ሳይሆን ባለቤቱ ነው ማለት ነው። አጥሩ አልፈረሰም፤ ዘበኛውም ከቦታው አልተነሣም። ዘበኛው የሚያየው ከውስጥ ወደ ውጭ የወጣ አንድ ተራ የስልክ ጥሪ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ፊንላንዳዊ ታቱ ኢሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ የይለፍ ቃሎች መሰረቃቸውን ምክንያት አድርጎ የጻፈው ኤስኤስኤች የተባለ ፕሮግራም ይኸን ዓይነት መስመር መዘርጋት ያስችላል። ከሌብነት ለመከላከል የተሠራው መሣሪያ አጥር ማሳለፊያም ሆነ። ጉዳዩን የብዙኃን ያደረገው ግን አለን ሽሪቭ የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ያወጣው ኤንግሮክ ነው። ከዚያ ወዲህ ክላውድፍሌርን የመሰሉ ትልልቅ ኩባንያዎችም ተመሳሳዩን አገልግሎት ይሰጣሉ። አንድ ትእዛዝ ይጻፋል፣ ጥቂት ሰኮንድ ይጠበቃል፣ ጓዳው አደባባይ ይሆናል።

በበኩሌ ይኸን መሣሪያ ከሚያወግዙት ወገን አይደለሁም። ውጭ አገር ሰርቨር ለመከራየት ዶላር ያስፈልጋል። ዶላር የሚከፍል ካርድ በእጁ የሌለ የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ዳር ወጣት በነጻ መሿለኪያ ሥራውን ለዓለም ማሳየት መቻሉ ትንሽ ነገር አይደለም። አጥር ያለ ልዩነት መልካም፣ ቀዳዳ ያለ ልዩነት ክፉ ነው የሚል ካለ ከእርሱ ጋር አልስማማም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በሩ ሲከፈት ከበሩ ኋላ ማን ማን ነበር የሚለው ነው።

ይኸን ጥያቄ በግምት ሳይሆን በሆነ ነገር ማየት ይሻላል።

ፓትሪዮን የተባለ የአሜሪካ ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው በሙዚቀኛው ጃክ ኮንቴና በሳም ያም ነው። ሥራው ጸሐፊዎች፣ ሠዓሊዎችና ሙዚቀኞች ከወዳጆቻቸው በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብር እየተቀበሉ እንዲኖሩ ማድረግ ነው። ለኪነ ጥበብ ሰው መልካም ሐሳብ ነው፤ እኛ ዘንድም ቢኖር በወደድሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ግን ይኸ ድርጅት ተዘረፈ። በኋላ ጃክ ኮንቴ ራሱ ለሕዝብ እንደ ገለጠው ዘራፊዎቹ የገቡት በዋናው ሰርቨር አይደለም። የገቡት ለሙከራና ለስሕተት ማረሚያ በቆመ፣ ነገር ግን ለሕዝብ በሚታይ የድረ ገጹ ቅጂ በኩል ነው። ይኸ ሰርቨር በመሿለኪያ የተከፈተ ነበር አልተባለም፤ እንዴትም ይከፈት፣ ጓዳው አደባባይ ላይ ቆሞ ነበር። ዲቴክቲፋይ የተባለ የስዊድን የኮምፒዩተር ደኅንነት ድርጅት ቀደም ብዬ የላይኛውን ዓይነት የስሕተት ማረሚያ ተከፍቶ አግኝቼ፣ ዝርፊያው ከመሰማቱ ከአምስት ቀን በፊት አሳስቤ ነበር ብሏል። ማለትም የማረሚያ ገጹን ያገኘ ሰው የማሽኑን መሪ ጨበጠ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የፓትሪዮን የራሱ ጉዳት ነው። ያልበሰለ ወጡ ታየበት እንበል። ችግሩ በዚያ በጓዳው ድስት ውስጥ የነበረው ነገር ነው። ለሙከራ ብለው ያስቀመጡት መዝገብ ከእውነተኛው መዝገብ የተቀዳ ነበር። የወጣው መረጃ 15 ጊጋባይት ያህል ሲሆን 2.3 ሚሊዮን ያህል የኢሜይል አድራሻ ተገኝቶበታል። ስም፣ የመኖሪያ አድራሻ፣ ማን ለማን ስንት እንደ ከፈለ፣ ሰዎች በግል የተጻጻፉት መልእክት ሁሉ በውስጡ ነበር። የይለፍ ቃሎቹ በጠንካራ ስልት ተመስጥረው ስለ ነበር፣ የባንክ ካርድ ሙሉ ቁጥርም እዚያ ስላልተቀመጠ፣ የገንዘብ ጉዳቱ ከሚፈራው አነሰ። ግን ገንዘብ ብቻ ነው እንዴ ሰው የሚሰወረው? ለአንድ ደራሲ በየወሩ በስውር የሚረዳ ሰው፣ የምትረዳትን ሠዓሊ ስም ለባሏ ያልነገረች ሴት፣ በብዕር ስም የሚጽፍና እውነተኛ ስሙን ለፓትሪዮን ብቻ የሰጠ ሰው በዚያ ቁጥር ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ።

እነዚህ ሰዎች ስማቸውን የሰጡት ለሳሎኑ ነው። ጓዳ ውስጥም የስማቸው ግልባጭ እንዳለ ማንም አልነገራቸውም።

የሙሉ ጉዳዩ እንብርት ይኸ ይመስለኛል፤ ትንሽ ልቆይበት። ፕሮግራም ጻፊዎች «የሙከራ መረጃ ነው» ይላሉ። ቃሉ ለእነርሱ እውነት ነው። መዝገቡ ቢጠፋ ዋናው አለ፤ ቢበላሽ እንደ ገና ይቀዳል። ለባለ መዝገቡ ሰው ግን ቅጂና ዋና የሚባል ልዩነት የለም። የታመመበት ነገር በዋናው መዝገብ ቢነበብም በቅጂው ቢነበብም ያው ሕመም ነው። የስልክ ቁጥሩ ከየትኛው ሰሌዳ ላይ ቢሰረቅ ስልኩ ያው ይጮኻል። ወርቅ ቢሰረቅ ሌባው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው የሚወስደው፤ ምስጢር ግን በተቀዳ ቁጥር የሚሰረቅበት ቦታ ይበዛል። «ሙከራ» የሚለው ቃል የሚነግረን የሠሪውን ሐሳብ እንጂ የነገሩን ማንነት አይደለም።

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ የማስታወሻ ደብተር ነገር ነው። ደብተሩን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቱም የኔ ነው። ሆኖም ስሙ እንዳይገለጥ ተማፅኖ የነገረኝ ሰው ስም ከተጻፈበት ገጽ ጀምሮ ደብተሩ የኔ ብቻ መሆኑ ያበቃል። ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፍቼው እጄን ልታጠብ ብሄድ «የራሴን ደብተር ነው የከፈትሁት» ማለት አልችልም። ኮምፒዩተርም ልክ እንደዚሁ ነው። ማሽኑ የግል ነው፤ ተገዝቷል፤ ደረሰኝ አለው። በውስጡ የተቀመጡት ሰዎች ግን በደረሰኙ ላይ አልተጻፉም። በሩን የሚከፍተው ሰው ለራሱ ጓዳ ሙሉ መብት አለው። ከእርሱ ጋር በጓዳው ለተቀመጡት ግን የተሰጠው መብት የለም፤ ያለበት አደራ ነው። አደራ ደግሞ፣ ሰጪው ራሱ «ክፈት» እስኪል ድረስ፣ ለመልካም ጉዳይም ቢሆን አይከፈትም።

አንድ የተለመደ መከላከያ አለ። «አድራሻውን ማን ያውቀዋል?» ይባላል። መሿለኪያው የሚያወጣው ስም አብዛኛውን ጊዜ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ በግምት የሚደርስበት ሰው የለም የሚል ነው ሐሳቡ። ይኸ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል። አድራሻው በቴሌግራም ለደንበኛው ይላካል፤ ደንበኛው ለወንድሙ ያስተላልፈዋል፤ ወንድሙ በቡድን ውስጥ ይለጥፈዋል። አድራሻ ከአፍ የወጣ ነገር ነው። በቀጥታ ለኢንተርኔት የተከፈተ በር ከሆነ ደግሞ ይባስ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ዚማፕ የተባለ መሣሪያ ጠቅላላውን የ4.3 ቢሊዮን አድራሻ ሜዳ በአንድ ማሽን ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንኳኩቶ እንደሚጨርስ አሳይቷል። ሾዳን የተባለው መፈለጊያም እ.ኤ.አ. ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙትን ማሽኖች እየዘረዘረ ያስነብባል። ድሮ የሰፈሩን በር ሁሉ እያንኳኳ የሚሄድ ሌባ ሲነጋበት ይያዝ ነበር። ይኸኛው የዓለሙን በር ሁሉ አንኳኩቶ ለምሳ ይደርሳል። መሰወርና መቆለፍ አንድ አይደሉም። የተሰወረ ነገር እስኪገኝ ድረስ ብቻ ነው የሚጠበቀው፤ የተቆለፈው ግን ከተገኘም በኋላ መጠበቁን ይቀጥላል።

«ጥፋተኛው ሌባው ነው እንጂ በሩን የከፈተው አይደለም» የሚሉም አሉ። ከሁሉ የሚከብደኝ ክርክር ይኸ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ተጐጂን መውቀስ የሚያስጠላ ልማድ ነው። ቤቱ የተዘረፈበትን ሰው «ለምን አልቆለፍህም» ብሎ ማሸማቀቅ ለሌባ ጠበቃ መቆም ነው። ግን ልብ እንበል፤ እዚህ ላይ በር ከፋቹና ተጐጂው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የተዘረፈችው ስሟን አምና የሰጠች ሴት ናት፤ የከፈተው ስሟን የተቀበለው ነው። ደግሞም በደል እንደ ዳቦ አይደለም። ዳቦ ከሆነ ሌባው ትልቁን ቁራሽ ሲወስድ ለሌላው የሚተርፈው ያንሳል። በደል ግን ሌባው ሙሉውን ተሸክሞ ሄዶ ለአደራ ተቀባዩም ሙሉ ሆኖ ሊቀርለት ይችላል። የሌባው ክፋት የአደራ ተቀባዩን ዕዳ አይከፍልለትም።

ስለ መሿለኪያው ባለቤቶችም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በመካከል የቆመው የአደባባዩ ሰርቨር ባዶ ቱቦ አይደለም። በተለመደው አሠራር የተመሰጠረው መልእክት የሚፈታው እዚያ ደርሶ ስለ ሆነ፣ የሚያልፈውን ነገር ለማየት የሚችልበት ቦታ ላይ ቆሟል። ያያል ማለቴ አይደለም፤ ይችላል ማለቴ ነው። በሌላ በኩል ይኸው መሣሪያ የአጭበርባሪም መሣሪያ ሆኗል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ባቀረበው ክስ፣ የፌስቡክን፣ የሜሴንጀርን፣ የኢንስታግራምንና የዋትስአፕን መግቢያ ገጽ እያስመሰሉ የሰዎችን የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ከ39,000 በላይ ገጾች መሠራታቸውን ገልጧል፤ አጭበርባሪዎቹ ማንነታቸውንና ቦታቸውን የሰወሩት በኤንግሮክ በኩል ነበር። ኤንግሮክ በበኩሉ በነጻ አገልግሎቱ ወደ ተከፈተ ገጽ ለሚገባ ጎብኚ መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ገጽ ያሳያል። ቀዳዳ ሻጭ በቀዳዳው ላይ «ተጠንቀቁ» ብሎ መለጠፉ ለኔ ቀልድ አይመስለኝም። ዕቃው ለምን ለምን እንደሚውል ገብቶታል ማለት ነው።

ነገሩን ግን በከፋቹ ላይ ብቻ ጥሎ መሄድ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በብዙ መሥሪያ ቤት አንድ ፕሮግራመር ለሙከራ የሚሆን ትንሽ የውጭ አድራሻ ሲፈልግ ማመልከቻ ይጽፋል። ማመልከቻው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ፊርማ ይጠብቃል፤ ፈራሚው ስብሰባ ነው። ሥራው ግን ለሰኞ ነው የተባለው። በዚህ መካከል አንድ መስመር ትእዛዝ በእጁ ያለ ሰው ምን ያደርጋል? ማታ ላይ፣ ለማንም ሳይናገር፣ መሿለኪያውን ይከፍታል። በቀን በፈቃድ ቢከፍት ኖሮ የሚያውቅ ሰው ይኖር ነበር፤ የሚያስታውሰው፣ የሚዘጋለት ይኖር ነበር። ደጅ ጥናት የሚያበዛ አጥር የራሱን ቀዳዳ ራሱ ይወልዳል። ስለዚህ «መሿለኪያ ክልክል ነው» ብሎ ማስታወቂያ የለጠፈ ኃላፊ፣ የፈቃዱን መንገድ ካላሳጠረ፣ ኅሊናውን አጸዳ እንጂ መዝገቡን አልጠበቀም።

ሕግም እኛ አገር መጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ፣ የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል፤ ተቆጣጣሪነቱም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። መልካም ነው። ሆኖም ሕግ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ መረጃው ከወጣ በኋላ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ የተቀመጠው ወጣት አጠገብ ተቆጣጣሪ የለም። በዚያ ሰዓት ያለው እርሱና ከኋላው በመዝገቡ ውስጥ የተኙት ሰዎች ብቻ ናቸው። እነርሱ ደግሞ አያዩትም፤ ስሙን አያውቁም፤ በዚያች ሌሊት ስለ እነርሱ እንደሚወሰንም አያውቁም።

ያ ወጣት ምን ያድርግ ቢባል፣ የሚያስፈልገው ጀግንነት አይደለም። መሿለኪያው ራሱ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል፤ የተጋበዘው ደንበኛ ቃሉን ይዞ ይገባል። ቃል የሚሰጠው የሚገባው ሰው ሲሆን ነው እንጂ የክፍያ ማስታወቂያ የሚልክ ሰርቨር ከሆነ ፊርማውን ማጣራት ይበቃል። የስሕተት ማረሚያውን በሩ ከመከፈቱ በፊት ማጥፋት የአንድ ቃል ለውጥ ነው። ደንበኛው አይቶ ከጨረሰ በኋላ መስመሩን መዝጋትም እንዲሁ። ከሁሉ የሚረሳው ይኸ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም የተከፈተው መሿለኪያ በመስተዋቱ ላይ ከሌሎች መስኮቶች ኋላ የተደበቀች አንዲት ጥቁር መስኮት ናት፤ አትጮኽም፤ ብርድም አታስገባም። የቆርቆሮ በር ሳይዘጋ ቢቀር ነፋሱ እያንገጫገጨ ያስታውሳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መዝገቡ ነው። ለሙከራ የሚሆን ስም እኛ አገር አልጠፋም። ፊደል ስንቆጥር ጀምሮ አብረውን ያሉት፣ በሶውን የበላው አበበና ጩቤ የጨበጠው ጫላ አሉ። ለአበበ የሌለ ስልክ ቁጥር፣ ለጫላ የሌለ የቀበሌ ቤት ቁጥር መስጠት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ አሁን አሁን እንዲያውም በሺህ የሚቈጠር አበበና ጫላ በአንድ ጊዜ የሚፈለፍል ፕሮግራም አለ። እንዲህ በተሞላ ጓዳ በር ተከፍቶ ቢያድር፣ ሌሊት ሾልኮ የገባው ሰው የሚያገኘው አበበ በአንድ ወር ውስጥ ለበሶ ስንት ጊዜ እንደ ከፈለ ነው።